ከመስኮቱ እስከ ሊፍቱ፦ የቺካጎን ዳውንታውን በእግር ማንበብ

የቺካጎን ዳውንታውን ያወቅሁት ከውስጥ ነው፤ ያውም ማታ ማታ። አሥራ አንድ ዓመት ቢሮ አጽድቻለሁ። ቱሪስቱ አንጋጦ የሚያየውን ፎቅ እኔ የማውቀው ቫኪዩም እየጎተትኩ ነው።

ቫኪዩም ስትጎትቱ አንድ ነገር ቶሎ ይገባችኋል፤ ከመስኮቱ እስከ ሊፍቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ። አንዳንዱ ሕንፃ ላይ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አንዳንዱ ላይ አርባም አይበቃም። ገመዱ ያልቅና ሌላ ሶኬት ፍለጋ ትዞራላችሁ። ያኔ ነገሩ የኔን ወገብ ብቻ የሚመለከት ይመስለኝ ነበር። ያ ቁጥር የሕንፃውን ዕድሜ እንደሚናገር የገባኝ በኋላ ነው። ነገ ምን እንደሚሆንም ይናገራል።

2020 ላይ ቢሮዎቹ ጭር አሉ። በኋላ ሠራተኛው ተመለሰ ሲባል፣ የትኛው ፎቅ እንዳልተመለሰ እኛ በቆሻሻ ቅርጫቱ እናውቅ ነበር። አንድ የሙዝ ልጣጭ እንኳ የለም። ያሠራን የነበረው ድርጅት ፈረቃ ቀነሰ፣ ደግሞ ቀነሰ፣ በመጨረሻ አሰናበተን። አሁን የምሠራው የአንድ መኖሪያ ሕንፃ መግቢያ ላይ ተቀምጬ ነው። ሕንፃው ድሮ ቢሮ ነበር።

አምና በጥቅምት የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ሲቪል ምሕንድስና ይማራል። “አክስቴ፣ ዊሊስ ታወር ላይ ወጥተን ፎቶ እንነሳ” አለኝ። “ትወጣለህ፤ መጀመሪያ ግን ታች ታቹን እንይ” አልኩት። ቀጥሎ ያለው ያን ቀን የሄድንበት መንገድ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቼ እንውጣ?

በሥራ ቀን፣ ከምሳ በኋላ። እሁድ አትሞክሩት። እኔ መጀመሪያ እሁድ ወስጄው ሎቢው ሁሉ ተቆልፎ ጠበቀን። የድሮ ሕንፃ ግማሽ ታሪኩ ሎቢው ውስጥ ነው፤ በር ላይ ቆሞ መስታወት ላይ አፍንጫ መለጠፍ ምንም አያደርግም። ከምሳ በኋላ ያልኩት ደግሞ መጨረሻውን ማታ ማየት ስላለባችሁ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ቶሎ ስለሚመሽ ይመቻል። ነፋሱ ግን አይቻልም፤ ጆሯችሁን ሸፍኑ።

ሎቢ ስትገቡ በር ላይ ያለውን ሴኩሪቲ ሰላም በሉት። “ሎቢውን ለማየት ነው” ካላችሁት አብዛኛው አይከለክልም። ተደብቃችሁ ፎቶ ካነሳችሁ ግን ያስወጣችኋል፣ እውነቱንም ነው።

እያንዳንዱ ሕንፃ ፊት ስትቆሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ክብደቱን የተሸከመው ማን ነው? ብርሃን የሚገባው በየት ነው? በተሠራበት ጊዜ ሕጉ ምን ይፈቅድ ነበር? የሠሪውን ስም ባታውቁም ግድ የለም።

ሞናድኖክ፦ ክንዳችሁን የምትለኩበት

ሰማያዊውን የባቡር መስመር ይዛችሁ ጃክሰን ጣቢያ ውረዱ። ከመሬት በታች ወጥታችሁ ብዙም ሳትሄዱ፣ ጃክሰንና ዲርቦርን መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ አንድ ጥቁር ቡናማ የጡብ ተራራ ታያላችሁ። ሞናድኖክ ይባላል። እዚህ ቶሎ አትለፉ። ከቀኑ ጉዞ ግማሹን እውቀት የምታገኙት እዚህ ነው።

ሰሜናዊው ግማሽ 1891 ላይ አለቀ። በርንሃምና ሩት የሚባሉ ባለሙያዎች ናቸው የሠሩት። 16 ፎቅ ነው፤ ክብደቱን የተሸከመው ራሱ ግንቡ ነው። ብረት አይደለም፣ ጡብ ነው። ከላይ ያለው ሁሉ ታች ያለውን ስለሚጫነው፣ ከሥር ግድግዳው 6 ጫማ ውፍረት አለው። ወደ አንዱ የታችኛው መስኮት ጠጋ በሉና ክንዳችሁን ወደ ውስጥ ዘርጉ። እኔ እስከ ትከሻዬ ብዘረጋ መስታወቱን አልነካውም። የእህቴ ልጅ ረጅም ነው፣ እሱም አልነካውም። “ይሄ ሁሉ ቦታ እኮ ኪራይ አይከፈልበትም” አለ። ተማሪ አይደል፣ ገባው። የግንብ ፎቅ ከዚህ በላይ ቢያድግ ኖሮ ታች የሚከራይ ክፍል አይተርፍም ነበር።

ቀና ስትሉ ደግሞ ጌጥ የለም። ያሠሩት የቦስተን ባለገንዘብ ወንድማማቾች ናቸው፤ ጌጥ አልፈለጉም። የዘመኑ ሰው ደነገጠ። ዛሬ ግን ከጎረቤቶቹ ሁሉ ወጣት የሚመስለው እሱ ነው።

አሁን በዲርቦርን በኩል ወደ ደቡብ ተራመዱ፣ ዓይናችሁን ከግድግዳው ሳትነቅሉ። የሕንፃው መሃል ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል። መስኮቱ ይሰፋል፣ በመስኮቶቹ መካከል ያለው ግንብ ይቀጥናል፣ ጌጥ ብቅ ይላል። ደቡባዊው ግማሽ 1893 ላይ ተጨመረ፤ የሠሩት ሌሎች ናቸው፣ ሆላበርድና ሮሽ። የሚሸከመው ውስጥ ያለ የብረት አጥንት ነው፤ ግድግዳው ልብስ ብቻ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የግንብ ዘመን አለቀ፣ የብረት ዘመን ገባ። አንድ ሕንፃ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን የምታዩበት እንዲህ ያለ ቦታ ሌላ አላውቅም።

ስለ መሬቱም ልንገራችሁ። የቺካጎ አፈር ለስላሳ ሸክላ ነው። ሞናድኖክን ሲሠሩት 8 ኢንች ያህል ይሰምጣል ብለው አስበው ነበር። ኋላ ግን ወደ 20 ኢንች ሰመጠ፤ ግማሽ ሜትር ማለት ነው። ያም ሆኖ ቆሟል፣ ተከራይ አለው። በውስጡ ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚያልፍ ጠባብ ኮሪደር አለ፣ ትናንሽ ሱቆች ግራና ቀኝ። ግቡና ከዳር እስከ ዳር ሂዱ። ደረጃውንም እዩት፤ አልሙኒየም ነው፣ በዚያ ዘመን ለሕንፃ ብርቅ የነበረ።

ጃክሰንን ሲሻገሩ

ከሞናድኖክ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ጃክሰንን ተሻገሩ። ጥቁር ብረትና መስታወት፣ መሃሉ ላይ ሰፊ አደባባይ፣ አደባባዩ ላይ ፍላሚንጎ የሚባለው የካልደር ቀይ የብረት ሐውልት። ይሄ የፌዴራል መንግሥት ማዕከል ነው። ሚስ ቫን ደር ሮ የሚባል አርክቴክት ነደፈው፤ የመጀመሪያው ሕንፃ 1964፣ የመጨረሻው 1974 ላይ አለቀ።

እዚህ የምታዩት መሬቱን ነው። የድንጋይ ንጣፉን መስመር በዓይናችሁ ተከተሉት። ከደጅ ወደ ሎቢው ሳይቋረጥ ይገባል፣ ከዓምዶቹ ጋርም ይገጥማል። እንዲህ ዓይነት ወለል የሚጠርግ ሰው ያከብረዋል፤ ጠማማ መስመር የለውም።

የእህቴ ልጅ ግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች እያየ “እነዚህ ምን ይሸከማሉ?” አለኝ። ሕንፃውን አይሸከሙም። እውነተኛው ዓምድ እሳት እንዳያገኘው በሕጉ መሠረት መሸፈን አለበት፤ ስለዚህ አጥንቱ አይታይም። ውጪ ያሉት ግን ይሄ የብረት ቤት ነው ብለው ይነግሯችኋል። ሞናድኖክ የተሸከመውን አሳያችሁ፤ ይሄ ደግሞ መሸከሙን ይተውንላችኋል። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፤ መንገዱን ስትሻገሩ ልዩነቱን ብቻ ልብ በሉ።

ላሳል ጎዳና፦ ብርሃኑ በየት ይገባ ነበር?

በአዳምስ መንገድ ሁለት ብሎክ ወደ ምዕራብ ሂዱ። ላሳል ትደርሳላችሁ። ግራና ቀኙ ገደል የመሰለ፣ የባንኮች ጎዳና ነው። ጥጉ ላይ ያለው ቀላ ያለ ሕንፃ ሩከሪ ነው፣ 1888። ስሙ የወፎች መስፈሪያ እንደማለት ነው፤ ከ1871ዱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ እዚህ በነበረው ጊዜያዊ ማዘጋጃ ቤት ላይ ወፍ ይሰፍር ስለነበር ነው ይላሉ። አንዳንዱ ወፎቹን ሳይሆን ፖለቲከኞቹን ነው ይላል።

ግቡ። የመስታወት ጣሪያ ያለው ሎቢ፣ ነጭ እብነ በረድ፣ ወርቅ ቅብ። ይሄን መልክ የሰጠው አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው፣ 1905። ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ደረጃውን ፎቶ ያነሳል። እናንተ ግን በመስታወቱ አሳልፋችሁ ወደ ላይ እዩ። ሕንፃው መሃሉ ክፍት ነው፣ እንደ ግቢ። ቢሮዎቹ በዙሪያው ቀለበት ሠርተዋል። ለምን? ያኔ የዛሬው ዓይነት አምፖልና ኤሲ የለም። ጸሐፊው የሚያየው በመስኮት ብርሃን ነው። ስለዚህ ከመስኮት ከ25 እስከ 30 ጫማ የራቀ ክፍል ማን ይከራየዋል? ያቺ የኔ አሥራ ሁለት እርምጃ ይቺ ናት።

ከሩከሪ ወጥታችሁ አዳምስን ወደ ሰሜን ተሻገሩና በቀኝ በኩል ያለውን 135 ሳውዝ ላሳልን እዩ። 1885 ላይ ዊልያም ለ ባሮን ጄኒ ሆም ኢንሹራንስ የሚባለውን ሕንፃ የሠራው እዚህ ቦታ ላይ ነው። 10 ፎቅ ነበር፤ በኋላ 2 ጨመሩበት። ክብደቱን በብረት ስላሸከመ ብዙዎች የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ ይሉታል፣ ክርክሩ ባያልቅም። 1931 ላይ አፈረሱት። በቦታው የቆመው 1934 ላይ አለቀ። የኢኮኖሚ ድቀቱ ቀድሞ ገብቶ ነበር፣ የዓለም ጦርነቱም ተከተለ፣ እስከ 1955 ድረስ ዳውንታውን ላይ ይሄ ነው የሚባል ፎቅ አልወጣም። መስኮቶቹን እያያችሁ ሃያ ዓመት ክሬን የማይታይበትን ሰማይ አስቡት።

አሁን ዞር በሉና ጎዳናውን ወደ ደቡብ እዩት። ጫፉን የዘጋው ቦርድ ኦፍ ትሬድ ነው፣ የእህል ገበያው፣ 1930። ላዩ ላይ የእህል አምላክ የምትባለው የሴሬስ ሐውልት ቆማለች። ፊት የላትም፤ ማን እዚያ ደርሶ ያያታል ብለው ተዉት ይባላል። ከሷ ይልቅ ግን ትከሻውን ተመልከቱ። ሕንፃው ወደ ላይ ሲሄድ እንደ ደረጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይሄ ሕግ ነው። ከተማው ከ1893 ጀምሮ ለቁመት ጣሪያ አውጥቶ ነበር፤ መጀመሪያ 130 ጫማ፣ ከዚያ ከፍ ዝቅ እያደረገ። 1923 ላይ ነገሩን ለወጠው፦ ከተወሰነ ከፍታ በላይ መውጣት ትችላላችሁ፣ ግን ቀጠን በሉ፣ ለመንገዱ ብርሃን ተዉለት። እንዲህ ትከሻ ያለው ፎቅ ባያችሁ ቁጥር ከ1923 በኋላ ነው ብላችሁ ብትወራረዱ እምብዛም አትከስሩም።

የትኛው መኖሪያ ይሆናል?

ይሄ ነው የኔ ሙያ። የላሳል ትልልቅ ተከራዮች ወደ ወንዙ ዳር አዲስ ፎቆች ሸሹ። የ135ቱ ዋና ተከራይ የነበረው ባንክ 110 ኖርዝ ዋከር ወደሚባለው፣ 2020 ላይ ወደተከፈተው ሕንፃ ሄደ። 2022 ላይ ከተማው ባዶዎቹን ቢሮዎች ቤት የማድረግ ዕቅድ አወጣ። ገንዘቡ ቲፍ ከሚባለው ነው የሚመጣው፤ በተከለለ ሠፈር ውስጥ የንብረት ግብር ሲያድግ ዕድገቱ ለዚያው ሠፈር ልማት ይቀመጣል። ድጋፉን የሚወስድ ባለንብረት ከቤቶቹ ቢያንስ 30 ከመቶውን ዝቅ ባለ ኪራይ ማከራየት አለበት። 135 ሳውዝ ላሳል ከተመረጡት አንዱ ነው።

እናንተ በቆማችሁበት መገመት ትችላላችሁ። ጥግ ላይ ቁሙና የሕንፃውን ሁለቱንም ጎን በእርምጃ ለኩ። ጠባቡ ጎን ሰማንያ፣ መቶ እርምጃ ከሆነ መሃሉ ጨለማ ነው። ከዚያ መሃሉ ክፍት መሆኑን ፈልጉ፤ በጀርባ በኩል ያለው መተላለፊያ ላይ ሆናችሁ ብታዩ የዩ ቅርጽ ወይም ሰርጎ የገባ ቦታ ይታያችኋል። መስኮቱ ይከፈታል ወይስ ድፍን መስታወት ነው? መኝታ ቤት መስኮት ይፈልጋል። ቧንቧስ? ቢሮ ውስጥ መጸዳጃ ቤቱ ሁሉ መሃል፣ ሊፍቱ አጠገብ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ማድቤትና መታጠቢያ ሲሠሩ ወለሉን እየበሱ ቧንቧ ማዞር አለባቸው። መሃሉ ለመስኮቱ የቀረበ ሕንፃ ዕድለኛ ነው። የ1920ዎቹ ፎቆች ለብርሃን ሲሉ ቀጭን ሆኑ፤ ያ ቅጥነት ዛሬ ቤት ለመሆን ጠቀማቸው።

ከዚያ ዊሊስ ታወር ሥር ሂዱ፣ በአዳምስ ወደ ምዕራብ፣ በባቡሩ ሐዲድ ሥር አልፋችሁ። ሲርስ ታወር ተብሎ 1974 ላይ አለቀ፤ 110 ፎቅ፣ 442 ሜትር። የዳካው ልጅ፣ መሐንዲሱ ፋዝሉር ካን፣ ዘጠኝ ቱቦ፣ ማለትም ዘጠኝ ቀጫጭን ማማ፣ አንድ ላይ አሥሮ ነው ያቆመው። ሁለቱ 50ኛው ፎቅ ላይ ይቀራሉ፣ ሁለቱ 66ኛው፣ ሦስቱ 90ኛው፤ ሁለቱ ብቻ ላይ ይደርሳሉ። ቆጥራችሁ አግኟቸው፣ ልጆች ደስ ይላቸዋል። ታች ግን እያንዳንዱ ጎን 225 ጫማ ነው። መሃል ላይ የቆመ ሰው ከመስኮት ከ110 ጫማ በላይ ይርቃል፤ ወደ አርባ አምስት እርምጃ። አምፖልና ኤሲ ሲመጣ ሕንፃ ወፈረ። እዚያ መሃል ላይ ማን አልጋ ያነጥፋል?

የእህቴ ልጅ እዚህ ወጣ፣ ፎቶውን ተነሳ። እኔ ታች ቡና ይዤ ጠበቅሁት።

ወንዙና መመለሻው

በዋከር ወደ ሰሜን፣ ወንዙን በግራ አድርጋችሁ ሂዱ። ከራንዶልፍ አለፍ ስትሉ ማዶ ላይ 150 ኖርዝ ሪቨርሳይድ አለ፣ 2017፣ 54 ፎቅ። እግሩ 39 ጫማ ብቻ ነው፤ ላዩ ይሰፋል። በአንድ ጎኑ ወንዝ፣ በሌላው የባቡር ሐዲድ፣ ሌላ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ቅርጹ ከቀሪው መሬት የመጣ ነው።

በዋሽንግተን ተመለሱና ላሳል ጥግ ላይ 30 ኖርዝ ላሳልን እዩ። ሲያዩት ተራ ነው፣ የ1975 ነገር። ከሱ በፊት እዚህ የነበረው አድለርና ሰሊቫን የሚባሉ አርክቴክቶች የሠሩት የአክሲዮን ገበያ ሕንፃ ነው፣ 1894። 1972 ላይ ሲፈርስ፣ ሪቻርድ ኒክል የሚባል ፎቶ አንሺ ጌጦቹን ሊያድን ገብቶ ፍርስራሹ ተጫነው፣ ሞተ። የመግቢያው ቅስት ዛሬ አርት ኢንስቲትዩት የሚባለው ሙዚየም ደጅ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ የንግድ አዳራሹ ደግሞ ሙዚየሙ ውስጥ እንደገና ተሠርቷል። ጊዜ ካላችሁ ሂዱና ቅስቱ ሥር ቁሙ። ያን ሁሉ አስፈርሶ የመጣው ሕንፃ እሱም ዛሬ ቢሮነቱ አላዋጣ ብሎ መኖሪያ እንዲሆን ከተመረጡት ውስጥ ገብቷል። እኔን ይሄ ያናድደኛል።

ያያችሁት ሕንፃ ምን ሊሆን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ወሬ አትስሙ። አድራሻውን ጻፉና በከተማው የመረጃ ድረ ገጽ ላይ የግንባታ ፈቃዱን ፈልጉ፣ ነፃ ነው። የፕላን ኮሚሽኑ ስብሰባም ለሁሉም ክፍት ነው። እኔ ሕንፃዎቹን የማወቃቸው ግን በሌላ ምልክት ነው፤ ውጪው ላይ የታሰረ የሳይት ሊፍት፣ ከመስኮት እስከ ገንዳ የተዘረጋ የፍርስራሽ መጣያ ቱቦ። ሥራው ካለቀ ደግሞ መግቢያው ላይ የካርቶን ክምር ይኖራል፣ ውሻ ይኖራል። እኔ ራሴ መሳቢያዬ ውስጥ የውሻ ብስኩት አለኝ።

ሲመሽ

ሲጨልም ላሳል ላይ ወይም ዙሪያዋ ያለ መንገድ ዳር ቁሙና መስኮት ቁጠሩ። የቢሮ መብራት ነጭ ነው፣ ፎቁ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ጣሪያው ላይ የተሰለፈ። የቤት መብራት ዝብርቅርቅ ነው፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ መጋረጃ፣ አንዱ የቴሌቪዥን ሰማያዊ። ሁለቱም የሌለበት ፎቅ ባዶ ነው፤ የአደጋ ጊዜ መውጫው ቀይ መብራት ብቻ ይታያል።

የእህቴን ልጅ በመጨረሻ የወሰድኩት የምሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። መንገዱን ሳንሻገር ቆምን። ሎቢያችን ውስጥ የድሮው የናስ የፖስታ ሳጥን አለ፣ ደብዳቤ ከየፎቁ ይወርድበት የነበረ፤ አሁን ታሽጓል። እሱን ላሳየው ስል፣ እሱ ዓይኑ ወደ ላይ ነው።

“ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣ ጥጉ ጋ፣ ሰው ሽንኩርት እየከተፈ ነው” አለኝ።

አየሁት። ያ ጥግ የጠበቆች መሰብሰቢያ ነበር። አሥራ ስድስት ወንበር ነበረው፤ ማታ ማታ ሁሉንም ወደ ጠረጴዛው የምመልሰው እኔ ነበርኩ።